ክዳኑ ሳይገጥም

ወንደል ታኬት የትምህርት ቤት አውቶቡስ በነዳበት ዘመን ሁሉ ልጅ ሳይቀመጥ ፍሬን ለቆ አያውቅም። በትልቁ መስታወት ወደ ኋላ ይመለከታል፣ የመጨረሻው ልጅ ወንበር እስኪይዝ ይጠብቃል፣ «ተቀመጣችሁ?» ይላል፤ «ተቀምጠናል!» የሚለው ጩኸት ሲመጣ ብቻ ይነሳል። በከተማችን ያሉ ወላጆች ስለ እሱ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ «ወንደል አይቸኩልም።»

ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ ላቮን የሚፈላ ስጎ ጭኗ ላይ ፈሶባት ሆስፒታል ስትገባ፣ መኪናው ቆሞ ነበር ወይስ ይሄድ ነበር ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። የነዳው ወንደል ነው፤ እንግዲያው ቆሞ ነበር።

በቴነሲ፣ ቢያንስ በእኛ ተራሮች በኩል፣ ቅዳሜ ጠዋት ያለ ነጭ ስጎ ቅዳሜ አይባልም። ዱቄቱ በቋሊማ ስብ ይታመሳል፣ ወተት ይገባበታል፣ ቁንዶ በርበሬ ይነሰነስበታል፣ ከዚያ ለስላሳ ትኩስ ዳቦ ላይ ይፈሳል። የሚተጋ በቤቱ ይሠራል። የሚሰንፍ ሜቢን ቁርስ ቤት ሄዶ ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮቱ ይቀበላል፤ ዳቦው በወረቀት ከረጢት፣ ስጎው ክዳን ባለው የፎም ኩባያ። ሐኪሙ በኋላ ለወንደል ሲያስረዳው «ቡና ቢሆን ወርዶ ይሄድ ነበር» አለው። «ስጎ ግን እንደ ሙጫ ነው። የያዘውን አይለቅም።» ከግራ ጭኗ ቆዳ አንስተው ቀኝ ጭኗ ላይ ለጠፉላት።

ላቮን ክስ የምትወድ ሴት አልነበረችም። ያኔ ትኩስ ቡና ፈሶባት ምግብ ቤቱን ስለከሰሰች ሴት በየሬዲዮው የሚቀለድበት ጊዜ ነበር፤ ወንደልም ከሚቀልዱት አንዱ ነበር። «ያፈሰሰ ይጥረግ» ይል ነበር፣ ከአባቱ የሰማውን። ላቮን መጀመሪያ ለሜቢን ድርጅት የጻፈችው የሆስፒታሉን ብቻ እንዲሸፍኑላት ነበር። መልስ መጣ። ማዘናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው፤ ከእሱ ጋር ለነጻ ቁርስ የሚሆኑ ኩፖኖች ታጥፈው ነበር። ኩፖኑ ስጎንም ይጨምራል። ለጠበቃ የደወለችው ያን ቀን ነው።

ወሬው አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ግቢ ሲደርስ፣ መካኒኩ ኦቲስ ከአንድ ሞተር ሥር እየወጣ ጀመረው።

«ወንደል! ሚስትህ ስጎ ትኩስ መሆኑን የሚነግራት አጥታ ነው?»

«ተው ኦቲስ።»

«እኔም ልከስ ነው። ትናንት አይስክሬም በላሁ፣ ቀዝቃዛ ሆኖ አገኘሁት። ማንም አላስጠነቀቀኝም።»

ሌሎቹ ሾፌሮች ሳቁ። ወንደልም ከንፈሩን ወደ ሳቅ ሳብ አደረገ፤ ከዓመት በፊት ቀልዱን ራሱ ይቀልደው ነበርና።

«አንተ እኮ ነበርክ ‹ያፈሰሰ ይጥረግ› የምትለን» አለ ኦቲስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

«አሁንም እላለሁ» አለ ወንደል፣ ወደ አውቶቡሱም ወጣ።

ሰዎቹ ይሄን በሚስቱ ላይ የተናገረው መሰላቸው። ወንደልን የሚበላው ግን የኦቲስ ቀልድ አልነበረም። እሱን የሚበላው ዶይል ፕሬዊት ነበር።

ዶይል የሜቢን ቁርስ ቤት ኃላፊ ነው። ሚስቱ ሞታበታለች፤ ራሰ በራ ነው፣ ሆዱ ከቀበቶው በላይ ይንጠለጠላል፤ ማንም ባል ቢያየው እንቅልፍ የሚያጣበት ሰው አይደለም። ድምፁ ግን ሌላ ነገር ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የዝማሬ ቡድን ውስጥ የታችኛውን ድምፅ የሚይዘው እሱ ነው፤ ሲዘምር ወንበሩ ሲንቀጠቀጥ በመቀመጫህ ይሰማሃል። ላቮን ደግሞ ከሴቶቹ ዝቅ ያለውን ድምፅ ትይዛለች። ለፋሲካ ሁለቱ ብቻቸውን ቆመው ዘምረው ነበር። ወንደል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ያየው ነገር ቢኖር፣ ላቮን እስትንፋስ ስትስብ ዶይልም አብሮ ሲስብ ነው። ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲተነፍስ። እሱ ራሱ ዜማ መያዝ አይችልም፤ መዝሙር ሲነሳ አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ከዚያ ፋሲካ ወዲህ ላቮን ሳህን ስታጥብ የራሷን ድምፅ ብቻ ታዜማለች፤ የጎደለው ድምፅ ግን ለወንደል ጥርት ብሎ ይሰማዋል።

በዚያ ቅዳሜ የሆነው ይሄ ነው። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ዶይል ራሱ ነበር የወጣው። ወንደልን «ወንድሜ» አለውና ከረጢቱን፣ ወንደል አጥር የሆነ ይመስል፣ በደረቱ ላይ አሳልፎ ለላቮን ዘረጋላት።

«ላቮን ማሬ፣ ይሄን ለአንቺ ብዬ ከታች ከሚፈላው ነው የቀዳሁት። እዚህ የመጣ ሰው እንዲህ አይሰጠውም። እንደምትወጂው ነው።»

«ተባረክ ዶይል» አለችና ሳቀች።

ላቮን ከረጢቱን ከፈተች። ስጎውን ረስተውት ያውቃሉ፣ ስለዚህ ሁልጊዜ መስኮቱ ጋ ታያለች። ኩባያውን አወጣች፣ ክዳኑን ወደ ላይ ገፋ አደረገች። የወንደል ሐሳብ ግን «እንደምትወጂው» የሚለው ላይ ነበር። እንዴት እንደምትወድ በምን አወቀ? እሱ ባሏ ነው፤ ስጎ እንዴት እንደምትወድ እሱ አያውቅም! እግሩ ፍሬኑን ለቆ ነዳጁን ረገጠ። መኪናዋ ዘላ ወጣች። ቀጥሎ የሰማው ጩኸት ከዚያ ወዲህ ከጆሮው አልወጣም።

ወደ ሆስፒታል እየበረሩ ላቮን ጥርሷን ነክሳ «ለምን?» አለችው። እሱ ጥሩምባውን እየነፋ ነዳ። ከዚያም በኋላ አልጠየቀችውም፤ እሱም አላነሳውም።

ከሆስፒታል ስትመለስ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በየቀኑ ምግብ አመጡ፤ ዶሮ በሩዝ፣ ድንች በቺዝ፣ ባቄላ። በእኛ ዘንድ የታመመ ቤት ምግብ የሚመጣው በመስታወት ሳህን ነው፤ ከሳህኑ ሥር ስም የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፋል፤ የበላ ሰው አጥቦ ለባለቤቱ ይመልሳል። ላቮን ከመድኃኒቱ የተነሳ ሁሉንም እየቀመሰች ትተወው ነበር። በአራተኛው ቀን ስኳር ድንች ከለውዝ ጋር የተጋገረ መጣ። ተነስታ ተቀመጠች፤ ጠርጋ በላችው።

«የማን ነው ይሄ?» አለች ማንኪያውን እየላሰች።

ወንደል ሳህኑን ገልብጦ አየ። «ፕሬዊት» ይላል።

«የአንድ ሰው ነው» አለ።

ሳህኑን አጠበው፤ መኪናው ውስጥ ከወንበሩ ኋላ ወሸቀው። መመለስ ማለት የዶይልን በር ማንኳኳት ነው፤ ላቮን እንድትመልሰው መስጠት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ሰባብሮ መጣል ነውር ነው። ስለዚህ ሳህኑ እዚያው ቀረ። መንገዱ ጎርበጥ ባለ ቁጥር ከኋላው ያቃጭላል። ወራት አለፉ፤ የወንደል ቅናት ድምፅ አውጥቶ አብሮት የሚሄድ ሆነ።

አንድ ቀን ላቮን «የዶይልን ሳህን መለስክ?» አለችው።

የማን እንደሆነ ማወቋ ራሱ ወጋው። «እመልሰዋለሁ» አለ።

ክሱ ገፋ። ከችሎት በፊት ሁለቱም ወገኖች ምስክሮችን በጠበቃ ቢሮ እያስማሉ ይጠይቃሉ፤ የሚባለው ሁሉ በጽሑፍ ይያዛል። ላቮን ቃሏን ስትሰጥ ወንደል ሥራ ላይ ነበር። የእሱ ተራ ሊደርስ ሲል ጠበቃዋ አቶ ሃደን ሊያዘጋጀው ጠራው። ሃደን ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው፤ መነጽሩን ሁልጊዜ በክራቫቱ ይወለውላል።

«ባለቤትዎ መኪናው ቆሞ ነበር ብላለች» አለው። «ክዳኑን ከፈትኩ፣ ኩባያው ከእጄ አመለጠ፣ ነው ያለችው። እርስዎም እንደዚሁ ነው የሚያስታውሱት?»

ወንደል መሬት መሬቱን አየ። ሃደን እንደ አዎ ወሰደው።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ አይጠቅመንም። የቆመ መኪና ውስጥ ራሷ አፈሰሰችው ይላሉ። እዚህ አገር ዳኛ ሆነው የሚቀመጡት ጎረቤቶችዎ ናቸው፤ ጥፋትን ከመቶ ይከፋፍሉታል። ለዚህ ይሄን ያህል፣ ለዚያ ይሄን ያህል። የእሷ ድርሻ ከድርጅቱ እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ምንም አታገኝም። እኔን የሚያስፈልገኝ ስጎው ከልክ በላይ ትኩስ መሆኑን እዚያ ቤት ያለ ሰው ያውቅ እንደነበር ማሳየት ነው። ኃላፊው ‹እንደ ሌላው ቀን ነበር› ብሏል።»

«ዶይል እንደዚያ አለ?»

«ብሏል። ባለቤትዎንም ‹ሲሰጥሽ ምን አለሽ?› ብለዋት አላስታውስም ብላለች።»

«አላስታውስም አለች?»

«እንደዚያ ነው ያለችው።»

ወንደል ወደ ቤቱ ሲመለስ ሳህኑ ከኋላው እያቃጨለ ነበር። አላስታውስም! የዛሬ ሃያ ዓመት ሠርጋቸው ላይ አክስቱ ምን ለብሳ እንደነበር የምታስታውስ ሴት። «ለአንቺ ብዬ» ያላትን ቃል ለማንም መንገር ያልፈለገችው ለምንድን ነው? ሰውዬው ከሥራው እንዳይባረር ነው። ጭኗ ተገሽልጦ፣ ክሷ ሊወድቅ ጫፍ ደርሶ፣ እሷ የምትጨነቀው ለዶይል ነው! እያሰበው በሄደ ቁጥር የበለጠ እውነት መሰለው። ቅናት እንዲህ ነው፤ ማስረጃ አያጣም።

ቃሉን በሚሰጥበት ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ቆመው ነበር። ላቮን ወንበር ላይ እግሯን ዘርግታ ጭኗን ቅባት ትቀባለች። ቅባቱን ወንደል እንዲቀባት አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም።

«ዶይልን ለምንድን ነው የምትሸፍኚለት?» አላት።

ቀና አለች። «ማንን?»

«ያለሽን ታስታውሻለሽ። ‹ከታች ከሚፈላው ለአንቺ ብዬ ቀዳሁት።› እኔ ከነትንፋሹ አስታውሰዋለሁ። አንቺ ግን በመሐላ አላስታውስም አልሽ።»

ላቮን የቅባቱን ክዳን ቀስ ብላ ገጠመች።

«ይሄን ሁሉ ወር ስታኮርፍ የከረምከው በዚህ ነው?»

«መልሺልኝ።»

«አንተ ደንቆሮ ሰውዬ» አለች፤ ድምፅዋ ግን አልጮኸም። «እሺ፣ ‹ከሚፈላው ቀዳሁልሽ አለኝ› ብዬ ልናገር። ቀጥለው የሚጠይቁኝ ምንድን ነው? ‹ከዚያስ ምን ሆነ?› ነው። ከዚያ ምን እንደሆነ ትነግራቸዋለህ? ባሌ በቅናት ሰክሮ መኪናውን እንደ ፈረስ አስፈነጠረው ልበል? ልጆች ጭነህ የምትነዳ ሰው ነህ። በማግስቱ ቁልፉን ይቀበሉሃል።»

ወንደል የሚይዘው ነገር ፈልጎ የወንበር መደገፊያ ያዘ።

«ቆሞ ነበር ያልሽው...»

«አንተን ብዬ ነው። ሌላ ማን አለኝ?»

«ቆሞ ነበር ካልሽ እኮ ያፈሰስሽው አንቺ ነሽ።»

«ይሄን የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም። አስቤበታለሁ። ይሁን፣ አፈሰስኩት። በከተማው ይሳቁብኝ፣ ስቀውብኝ የለ።» ቀሚሷን አወረደች። «ትኩስ ካልሆነ ብዬ ስንት ጊዜ ስጎ የመለስኩ እኔ ነኝ። ዶይል እንደምትወጂው ያለው በዚህ ነው፣ ማወቅ ከፈለግክ። ቀዝቃዛ ስጎ እየመለስኩ አሰልችቼው ነው።»

«‹ማሬ›ስ?»

«ሸሪፉንም ማሬ ይለዋል!»

ይሄ እውነት ነበር፤ ወንደል ራሱ ሰምቷል። ሆኖም እፎይታ አልመጣለትም። ሚስቱ ለእሱ ስትል እየወደቀች መሆኑን ማወቁና ከዶይል ጋር አብራ መተንፈሷ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን አላጠፋውም።

«ዛሬም ቆሞ ነበር በል» አለች ቦርሳዋን እያነሳች። «ሌላ ምንም አትጨምር። ደግሞ እኔም አብሬህ እገባለሁ። መግባት መብቴ ነው።»

የድርጅቱ ጠበቃ ወይዘሮ ኪርሽ ከትልቅ ከተማ የመጣች ጨዋ ሴት ነበረች። ለወንደል ውሃ ቀዳችለት። ቃል የምትመዘግበው ሴት በትንሿ ማሽኗ ላይ ጣቶቿን አስቀመጠች። ላቮን ከጠረጴዛው ማዶ በሃደን ጎን ተቀመጠች፤ ወንደል እጁን አንስቶ ማለ።

ጥያቄው ከሩቅ ነበር የጀመረው፤ የት ተወለዱ፣ ምን ይሠራሉ፣ አውቶቡስ ሲነዱ አደጋ ደርሶብዎት ያውቃል። «አንድም ቀን» አለ ወንደል። ኪርሽ ፈገግ ብላ ጻፈች። ከዚያ መስኮቱ ጋ ደረሰች።

«ምግቡን የሰጣችሁ ማን ነበር?»

«ዶይል ፕሬዊት።»

«ሲሰጥ የተናገረው ነገር አለ?»

ላቮን ዓይኗን አላነሳችም። ወንደል ውሃውን ጠጣ። አላስታውስም ቢል ያበቃል። ሰኞ አውቶቡሱ ላይ ይወጣል፣ ልጆቹ «ተቀምጠናል!» ይላሉ፤ የከተማው ሰው ደግሞ ላቮንን ስጎ ትኩስ መሆኑን የማታውቅ ሴት እያለ ይኖራል።

«አለ» አለ። «‹ላቮን ማሬ፣ ይሄን ለአንቺ ብዬ ከታች ከሚፈላው ነው የቀዳሁት። እዚህ የመጣ ሰው እንዲህ አይሰጠውም። እንደምትወጂው ነው።›»

የሃደን መነጽር ከክራቫቱ ላይ ቆመ። ኪርሽ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ይሄ ብዙ ወር ያለፈው ነገር ነው አቶ ታኬት። ቃል በቃል እንዴት ሊያስታውሱት ቻሉ?»

«ቀንቼ ነበር እመቤቴ። የቀና ሰው ቃል አይረሳም።»

ማሽኗ ተንጫጫች።

«ባለቤትዎ እንዲህ ያለ ነገር አላስታወሰችም።»

«እሷ የምትረሳው እኔን ለማዳን ነው።»

«ወንደል» አለች ላቮን።

«ወይዘሮ ታኬት፣ እባክዎ ዛሬ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው» አለች ኪርሽ። አሁን ድምፅዋ ተለውጧል፤ የሚሸት ነገር ያገኘች ሰው ድምፅ ነበር። «ከምን ለማዳን?»

«መኪናው ቆሞ አልነበረም። ኩባያው በእጇ ነበር፣ ክዳኑ ተከፍቶ ነበር። ሳልጠብቃት ነዳጁን ረገጥኩ። ሰውዬው ስላናደደኝ ነው፤ እሷ ምንም አላደረገችም።»

«ረገጡት ሲሉ...»

«መኪናዋ ዘለለች።»

«እርስዎ ልጆች እስኪቀመጡ የሚጠብቁ ሾፌር እንደሆኑ አሁን ነግረውኝ ነበር።»

«አዎ» አለ ወንደል። ፊቱ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ሚስቴን ግን አልጠበቅኳትም።»

ኪርሽ አላቆመችም፤ ሥራዋ ነው። «እንግዲያው አቶ ታኬት፣ ይህ ጉዳት ከመቶ ስንት እጁ የእርስዎ ጥፋት ነው ይላሉ?»

«ተቃውሞ አለኝ» አለ ሃደን። «ምስክሩ ዳኛ አይደለም።»

ወንደል ግን መለሰ። «እኔ መከፋፈል አልችልም። እሷ ትኩስ ትወዳለች። እሱ እንደሚፈላ እያወቀ ሰጣት፣ ሐኪሙ እንኳ እንዲህ ያለ ስጎ ከመስኮት መውጣት አልነበረበትም ብሏል። እኔ ደግሞ ነዳሁ። ከመስኮቱ የወጣውን ነገር እኔ አላፈላሁትም፤ ጭኗ ላይ የደፋሁት ግን እኔ ነኝ። የቀረውን እናንተ ቁረሱት።»

ሃደን እረፍት ጠየቀ። ኮሪደሩ ላይ ወንደልን በክንዱ ይዞ ወደ መስኮት ወሰደው፤ ተቆጥቷል ወይስ ሊስቅ ነው ለማወቅ አስቸጋሪ ነበር።

«በአንድ እጅዎ ሰጡን፣ በሌላው ነጠቁን» አለው። «ስጎው እንደሚፈላ የቁርስ ቤቱ ኃላፊ ያውቅ እንደነበር አሁን በመዝገብ ላይ አለ። የእርስዎ ድርሻ ከእሷ ካሳ ላይ ይቀነሳል፤ ግን ክሱ አይወድቅም። ትናንት ለዚህ እርግጠኛ አልነበርኩም። እሷ ግን ቃሏን ማረም አለባት፣ ዛሬውኑ።» ወደ ላቮን ዞረ። «ከባድ ነው፤ ይቻላል።»

ላቮን ሃደን ወደ ውስጥ እስኪገባ ጠበቀች።

«በሰው ፊት ውሸታም አደረግኸኝ» አለች።

«አዎ።»

«አውቶቡሱስ?»

«ሰኞ ጠዋት ከሰው ሳይሰሙ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

«ማን ጠየቀህ? እኔ ጠየቅኩህ?»

«አልጠየቅሽኝም።»

 ከዚያ ቀሚሷን ወደ ታች ሳብ አድርጋ ቃሏን ልታርም ገባች። ስትገባ ትንሽ ታነክሳለች፤ ወንደል በሩ እስኪዘጋ እርምጃዋን አየ።

ሲጨርሱ ገና ከሰዓት ነበር። ወንደል ወደ ቤት ነዳ። የድልድዩ ጉብታ ላይ ሲደርሱ ከኋላ የመስታወቱ ሳህን አቃጨለ።

ላቮን ዞር ብላ እጇን ከወንበሩ ኋላ ሰደደች። ሳህኑን አወጣች፤ ገልብጣ ስሙን አነበበች።

«በዶይል ቤት በኩል ንዳ» አለች።

«ሃደን ክሱ እስኪያልቅ ከዶይል ጋር አታውሩ ብሎናል።»

«ሳህን መመለስ ወሬ አይደለም። ንዳ።»

ዶይል ግቢው ውስጥ ሣር እያጨደ ነበር። ከሜቢን ወጥቷል፤ በክሱ የተነሳ ይሁን በፈቃዱ፣ እሱም አልተናገረም፣ ሰውም አልጠየቀውም። መኪናቸውን ሲያይ ማጨጃውን አጥፍቶ በላቮን በኩል መጣ፤ ክርኑንም መስኮቷ ላይ ደገፍ አደረገ።

«ላቮን ማሬ። ወንድሜ ወንደል።»

«ሳህንህን» አለችው። «ስኳር ድንቹ ጥሩ ነበር። ብቻዬን ነው የጨረስኩት።»

«የሟቿ ሚስቴ አሠራር ነው» አለ ዶይል፣ ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ። ጭኗን እንዳያይ ዓይኑን አርቆ ነበር። «ላቮን፣ እኔ በዚያ ቀን...»

«ስለሱ አታውራኝ፤ ጠበቃዬ ይገድለኛል። ስለ ዝማሬው አውራኝ።»

«ዝማሬውማ ሞተ። ያቺ የፖስታ ቤቷ ልጅ ናት አሁን የአንቺን ድምፅ የምትይዘው። እንደ በር ማጠፊያ ትጮኻለች።»

ላቮን ሳቀች። ወንደል እንዲህ ስትስቅ ሰምቷት ካወቀ ቆይቷል። ዶይል ራሱን ወደ ውስጥ ዘንበል አድርጎ በዚያ ጥልቅ ድምፁ የፋሲካውን ዜማ መጀመሪያ ዝቅ አድርጎ ያዘ፤ ላቮንም ሳታስበው ገባችበት። ሁለቱ እስትንፋስ ሳቡ፤ እንደገና አብረው።

ሞተሩ አልጠፋም ነበር። የወንደል እግር ፍሬኑ ላይ ነው። ያ የሚያውቀው ቅናት ተመለሰ፤ ቅንጣት ያህል አልቀነሰም። መሪውን ጥርስ እንደሚነክስ ሰው ጨብጦ ከመስታወቱ ወዲያ ያለውን መንገድ አየ። መንገዱ ባዶ ነበር። መውጣት ቀላል ነበር።

ዜማው አለቀ። ዶይል ከመስኮቱ ራቅ ብሎ ሳህኑን በብብቱ ሸጎጠ፤ ሣሩ ላይ ቆሞ እጁን አነሳ።

ወንደል ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ተቀመጥሽ?»

ላቮን አየችው። ከዚያ ቀበቶዋን ፈለገች፣ ሳበችው፣ ቆለፈችው። የቀኝ እግሯን በሁለት እጇ አንስታ ቀስ አድርጋ አስተካከለች። መስኮቷን ዘጋች፤ እንደገና ትንሽ ከፈተችው። ዶይል ገና እጁን እያወዛወዘ ነበር። መልስ ለመስጠት አልቸኮለችም፤ ወንደልም ጠበቀ።